ቤቶች!

በጀልባ ነው የሄድኩት፣ ዕቃዬን ሸክፌ፣
ሳሬማ ደሴት ላይ፣ ባልቲክን ቀዝፌ።
(ጀልባው ነው የቀዘፈው፤ እኔማ ተኝቼ ነበር።)
አንድ ክፍል ጣቢያ አለ ከባሕሩ ዳር፣
ወፍ ተይዞ የሚለካበት፣ እግሩ ላይ ቀለበት የሚታሰርበት፣
ከዚያ የሚለቀቅበት።

ሄልቬ ናት የጠራችኝ። «ኮምፒውተሬ» አለች፣
«አላረጀም እኮ፣ እንዲያውም አደሱት፤
ሽምግልና የያዘው ከታደሰ ወዲህ ነው፣ ፎልደር ሊከፍት ሲል እዩት!»

ማክሰኞ ሌሊት ነው አዲሱ ሥርዓት የገባው፤
ረቡዕ ማለዳ፣ የዳክዬ ፎቶ ልታይ ስትነካው፣
አረንጓዴው መስመር በመስኮቱ አናት ላይ
ቀንድ አውጣ ሆነና ተንፏቀቀ፣ ዘገየ፣ አይጨርስ፣ አይዘጋይ።

እሷ ግን አልተቆጣችም። ሹራብ መሥሪያዋን
አነሳች፣ ቀጠለች የካልሲ ሥራዋን።
አንድ ፎልደር፣ አንድ ዙር። አንድ ፎልደር፣ አንድ ዙር።
እኔ ስደርስ አንዱ እግር አልቆ፣ ሁለተኛው ተረከዙ ጋ ነበር።

የኔ እንጀራ እንግዲህ መጠርጠር ነውና
በታወቁት ሌቦች ጀመርኩ ምርመራ፣ እንደ ደንቡ ገና።
ቅድመ ዕይታውን ዘጋሁ። ምንም።
የፍለጋ ማውጫውን አፍርሼ አስገነባሁ። አልፈጠነም።
ትንንሾቹን ምስሎች አጠፋሁ፣ ሠላሳ ሺህ ዳክዬ፤
ጸረ ቫይረሱንም አሰናበትኩት፣ «ደጅ ቆይ» ብዬ።
ዲስኩን እንደ ሐኪም ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥኩት፤ ጤነኛ ነው።
ታዲያ ምን ነካው?

ሰዓቴን አውጥቼ ቆጠርኩ፦ ሃያ አንድ ሰከንድ።
ደገምኩ፦ ሃያ አንድ። ሠለስኩ፦ ሃያ አንድ።
ድካም እንዲህ በልክ አይመጣም።
የደከመ አንዴ ይበረታል፣ አንዴ ይለግማል፤ በሰዓት ግን አይለግምም።
ይህ መጠበቅ ነው፣ አልኩ በልቤ። ግን ማንን?

የኔትወርኩን ገመድ ነቀልኩ፤ ፎልደሩ ብልጭ ብሎ ወጣ፤
መልሼ ሰካሁት፤ ያው መጎተት መጣ።

የመንገዶቹን ዝርዝር አንድ በአንድ ስወርድ
አገኘሁት፣ ከታች፣ ቀይ መስቀል ለብሶ፣ ብቻውን የቀረ አንድ፦
የኤንዴል ማሽን። የኤንዴል ፎልደር። «ዝይዎች» ይላል።
አሮጌው ሥርዓት በዚህ በር ሲያልፍ ሳያንኳኳ ያልፋል፤
አዲሱ ጨዋ ነው፣ ያሳደገው ይባረክ፤
ፎልደር በተከፈተ ቁጥር ደጁ ላይ ቆሞ፣ «ቤቶች!» ይላል፣ «አለህ ወይ?»፣
ሃያ አንድ ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ነው ወደኛ የሚመለሰው፣
ባዶ እጁን፣ አንገቱን ደፍቶ።

«ኤንዴል ማነው?» አልኳት። መርፌው ቆመ።
«ባለፈው ጥቅምት» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።
ቆይታ ግን፦ «እሱ መረብ ይዘረጋል፣ እኔ ቁጥር እጽፋለሁ፤
ሃያ ስድስት ዓመት። ማሽኑን ወንድሙ ታርቱ ወሰደው። ሳጥን ውስጥ ይመስለኛል።
ስንት ሰከንድ ነው ያልከኝ?»
«ሃያ አንድ።»
ሳቀች፣ ዓይኗን እስክትጠርግ። «ኤንዴልም እንዲሁ ነበር!
ጠይቀኸው፣ ድንች ልጠህ፣ ቀቅለህ፣ ልትጎርስ ስትል ነው መልሱ የሚመጣው።»

ማውዙን እኔ ልይዝ ስል፣ «ስጠኝ» አለች።
«ዝይዎቹስ ይጠፋሉ?»
«ዝይዎቹ ታርቱ ናቸው። እዚህ ያለው መንገዱ ብቻ ነው።»
«መንገዱ ብቻ» አለች።
«ግንኙነቱን አቋርጥ» የሚለውን ለረጅም ጊዜ አነበበች፣
ከሃያ አንድ ሰከንድ በላይ፤ አልቆጠርኩም።
ከዚያ ነካችው።

የሁለት ሺህ ዘጠኝን የዝንጅብል ራስ ዳክዬዎች ከፈትን፤
ጣቷን ሳታነሳ በረድፍ ተደርድረው ጠበቁን።
እሷ ግን ልማድ ይዟት እጇ ወደ ክሩ ሄዷል፣
አንድ ዙር ለመጀመር፤ ቀና ስትል ሁሉም ተከፍቷል።

ደረሰኙ ላይ «የተሠራው ሥራ» የሚል መስመር አለ፤
ብዕሬ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ምን እንደሚባል አጣሁ።
እሷ ካልሲውን ወደ መብራቱ አነሳችው፣
ተረከዙ ገና ክፍት የሆነውን፤
«እሺ፣ አንተ ልጅ» አለችኝ፣ «ይህን አሁን መቼ ልጨርሰው ነው?»